ይንኳኳል፣ የሚገባ ግን የለም

ማተሚያ ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት አራሚ ሆኖ የሠራ ሰው በዓይኑ ቢመካ አይፈረድበትም። የእኛ አራሚ ግን ከመመካትም አልፎ ነበር። የሠርግ መጥሪያ ገና ከፖስታው ሳይወጣ ስህተቱን ያሸታል ይሉታል ባልደረቦቹ። ከሥራ ሲወጣም ዓይኑ አያርፍም፤ ቤቱ ገብቶ አንድ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም ይከፍትና እርማቱን ይቀጥላል። ተዋናዩ ሲጋራውን በቀኝ እጁ ለኩሶ በግራው ሲያጨስ፣ ሞተ የተባለው ሽማግሌ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል፣ በዶፍ ዝናብ ሲሮጥ የመጣው ጎረምሳ በደረቅ ጫማ ቤት ሲገባ፣ አንዷም አታመልጠውም። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር አለው፤ የፊልሙን ቁጥር ይጽፍና ከሥሩ ስህተቶቹን ይደረድራል። ይህን የሚያደርገው ፊልሞቹን ንቆ አይደለም። ነፍሱ ናቸው። የወደደውን ነገር አበጥሮ ካላየ የወደደ የማይመስለው ሰው ነው።

እናቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ አርባ ዓመት ሙሉ በእጇ እየሰፋች ሁለት ልጆች አሳድጋ ለቁም ነገር አብቅታለች። ትልቋ ልጅ ከጎኗ ቁጭ ብላ መርፌ መያዝ ተማረች። ትንሹ፣ ማለት አራሚው፣ መርፌና መቀስ ሲያይ እንቅልፉ ይመጣል፤ ገና በልጅነቱ እግሩን ወደ ሲኒማ ቤት አበዛ። አድጎም ትዳር አልያዘም። ከእናቱ ጋር በሁለት ክፍል ቤት እየኖሩ፣ እሷ በመስኮቱ በኩል ስትሰፋ እሱ ቴሌቪዥኑን ጮክ አድርጎ ሲያይ፣ ጀርባና ጀርባ ሆነው ዓመታቱ ነጎዱ።

ከአራት ወር በፊት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ አራሚው አንዱን ፊልም ጨርሶ ደብተሩን እየሞላ፣ ከእኔ ዓይን የሚያመልጥ ነገር የለም እያለ ሲጎርር፣ እናቱ ከስፌቷ ቀና እንኳ ሳትል፣

"እኔ አምልጬሃለሁ" አለችው።

እንዴት ቢላት፣ ከአንዱ ፊልም ውስጥ እኔም አለሁበት አለችው። አባቱን ከማግባቷ በፊት ፊልም ሠሪዎች ወደ ስፌት ቤታቸው መጥተው ሦስት ቀን አብራቸው ሠርታለች። አራሚው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ምን ሆነሽ ነው የሠራሽው፣ ንግሥት ወይስ ሽፍታ፣ አላት። የቱ ፊልም እንደሆነ ቢጠይቃት ደግሞ አልነግርህም አለች።

"አንተ አይደለህ ሁሉን የምታየው? ፈልገኛ" ብላ ክሯን በጥርሷ በጠሰች።

በማግስቱ ነገሩን ማተሚያ ቤት ወስዶ ሳቀበት፤ ለእህቱም በስልክ ነግሯት አብረው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ በቤተሰቡ ውስጥ ስሟ "ተዋናይቷ" ሆነ። እሷም አብራቸው ትስቅ ነበር፤ ስትስቅ ግን ዓይኗን ከስፌቷ አታነሳም። ሁለት ወር እንደሞላ አንድ ማለዳ ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፣ ምላሷ ታሰረ፣ ቀልዱም ከዚያች ማለዳ ጀምሮ አራሚው ጉሮሮ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ።

እህቱ የምትኖረው የአምስት ሰዓት መንገድ ርቃ ነው። ቤቷ ደረጃ የለውም፣ ልጆቿ ደርሰውላታል፣ ሐኪም ቤትም አጠገቧ ነው። አንተ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ፣ እሷ በሰው እጅ፣ ይሄ አይሆንም፣ ወሩ ሲያልቅ መጥቼ እወስዳታለሁ አለችው። እሺ አላት። ስልኩን ዘግቶ እናቱ አጠገብ ተቀመጠና ቀኝ እጇን አነሳ። ልጅ ሆና በር ተዘግቶባት የተንጋደደችው የመሃል ጣቷ እንደ ወትሮዋ ወደ ጎን ዘመም ብላለች፤ እጇ ግን ከብዶ ዝም ብሏል። ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። ፈልገኝ ያለችው ሴት ሳትፈለግ ልትሄድ ነው። በዚህ ወር ውስጥ ፊልሙን አግኝቶ "እማዬ፣ አየሁሽ" ካላላት፣ ሁለቱም ልጆቿ እንደሳቁባት ልትቀር ነው።

ለዚህ የሚሆን ሰው አንድ ብቻ ነበር። ከማተሚያ ቤቱ ሁለት መንገድ አልፎ ቪዲዮ ቤት ያላቸው ሽማግሌ አሉ፤ አዲስ ነገር ሱቃቸው ገብቶ ስለማያውቅ ሰፈርተኛው "ሙዚየም" ይላቸዋል። እሳቸውም ወሩ ሲያልቅ ሊዘጉ ነው፤ ቤቱን ለስልክ ጠጋኝ ሰጥተውታል። አራሚው እናቱ ወጣት በነበረችባቸው ዓመታት እዚያው ከተማ የተቀረጹትን ፊልሞች ሲጠይቃቸው፣ መደርደሪያቸውን አስሰው ሠላሳ ሲዲ ቆጠሩለት። በእያንዳንዱ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፈውበታል። ሁሉንም በአንዴ ልውሰዳቸው ቢላቸው ግን አሻፈረኝ አሉ።

"አንዱን ትመልሳለህ፣ አንዱን ትወስዳለህ። እስኪዘጋ ድረስ ሱቅ ሱቅ ነው" አሉት።

ሠላሳ ቀን፣ ሠላሳ ፊልም። አራሚው ያን ቀን ወደ ቤቱ በእርምጃ ይሂድ በሩጫ ራሱም አላወቀውም።

ከሥራ እንደገባ የቀን አስታማሚዋን አሰናብቶ፣ እናቱን በትራስ ደግፎ ያስቀምጥና ከአልጋዋ ግርጌ ያለውን ቴሌቪዥን ይከፍታል። በሃያ ዓመቷ የተነሳችውን የመታወቂያ ፎቶ ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጥፎታል። ፊልሙ ላይ ገበያ፣ ሠርግ ወይም የመንገድ ትርምስ ሲመጣ ያቆመዋል። ከዚያ ተነስቶ አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግቶ ፊት በፊት ይለቅማል። ይህቺ ትሆን? አፍንጫዋ ረዘመ። ይህቺስ? ጀርባዋን ሰጥታለች፣ ምን ቆርጧት ነው የዞረችው። ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ወደ ፊት ይገፋል። የሰዓት ተኩሉ ፊልም ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሲያልቅ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን ማንን እንደገደለ ቢጠየቅ አያውቅም። ቀድሞ ፊልም የሚያይበት ሰዓት ቀልቡ የሚረጋበት ብቸኛው ሰዓት ነበር። አሁን እሾህ ላይ የተቀመጠ መሰለ።

እናቱን ጠይቆ መገላገል አይችልም ነበር ወይ የሚል ይኖራል። ጠይቋታል እንጂ። የመጀመሪያው ቀን "ይሄ ነው?" ሲላት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች፤ ልቡ ዘለለ። በሁለተኛው ፊልምም ነቀነቀች። በሦስተኛው ቀን የመጣው ባሕር ላይ የሚንከራተቱ መርከበኞች ታሪክ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲት ሴት ዝር አላለችበትም፣ እሷ ግን ነቀነቀች። ሐኪሙም አስቀድሞ ነግሮት ነበር፤ አዎና አይደለም ተደባልቀውባታል፣ እንዳታምናቸው ብሎት። አራሚው መጠየቁን ተወና በዓይኑ ብቻ ተማመነ።

በአራተኛው ቀን የመጣው ፊልም ላይ ትልቅ ተስፋ ጣለ። አንድ ሐኪም በሐሰት ተወንጅሎ ከከተማው ይሸሻል፤ መጨረሻው ባቡር ጣቢያ ላይ ነው፣ ጣቢያው ደግሞ በሰው ተጨናንቋል። ጣቢያው ጋ ለመድረስ ስለቸኮለ ሌላውን በግማሽ ልብ ነበር የሚያየው። አንድ ቦታ ላይ የሐኪሙ ሚስት መብራት አጠገብ ተቀምጣ ካሁን ካሁን መጣ እያለች በር በሩን ታያለች። ኳ ኳ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሚስትየዋ አልተነሳችም፣ የገባም ሰው የለም። የአራሚው እጅ ልማዱ ነውና ወደ ደብተሩ ሄዶ አንድ መስመር ጻፈ። ቀጥሎ ሁለት እጆች ብቻ መጡ፤ ደብዳቤ በኮት ገበር ውስጥ ደብቀው ይሰፋሉ። ፊት የሌለበት ነገር ምን ያደርግልኛል ብሎ ሌላ መስመር ጨመረና ወደ ፊት ገፋው። ወዲያው እናቱ በደህናው እጇ የአልጋውን እንጨት ሁለት ጊዜ መታች።

አራሚው ተነስቶ ውሃ አመጣላት።

እናቱ ብርጭቆውን አየች። ከዚያ እሱን አየች፤ ልጅ ሆኖ ሱሪውን ገልብጦ ለብሶ ትምህርት ቤት ሊሄድ ሲል የምታየው አስተያየት ነበር። ግን ጠጣች። እሱም ደስ አለው፤ ቢያንስ በአንድ ነገር ተግባባን፣ ሁለት ጊዜ ስትመታ ውሃ ጠማኝ ማለቷ ነው ብሎ ለአስታማሚዋም አስጠነቀቃት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊልም በተከፈተ ቁጥር እናቱ አልጋውን ትመታለች፣ ልጇ ውሃ ያቀርባል፣ እሷ ታየዋለች፣ ትጠጣለች። በዚያ ወር እሷን ያህል ውሃ የጠጣ ሰው በከተማው አልነበረም።

ጣቢያው ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ቆጠረ። እናቱ አልነበረችበትም።

ወሩ እየገፋ ሲሄድ ዓይኑ ውስጥ ፊት በዛበት። አውቶቡስ ላይ ከፊቱ የቆመችውን ሴት ትከሻዋን ይዞ ሊያዞራት ይቃጣዋል። ማተሚያ ቤትም ፊደሉ ፊደል መምሰሉን ትቶ ሰልፍ የያዘ ሕዝብ ይመስለው ጀመር። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ኃላፊው ቢሯቸው አስጠሩትና አንድ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉለት። አየው፤ ደህና ነው። እንደገና አየው። በስድስተኛው ወር፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ማክሰኞ ሁለት ጊዜ ገብቷል። ያሳለፈው አራሚ ፊርማ የራሱ ነው፤ አምስት ሺህ ቅጂ ታትሞ አልቋል። ኃላፊው ቢቆጡ ይሻለው ነበር። እሳቸው ግን እናትህ እንዴት ናቸው ብለው ብቻ ጠየቁት። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበ። አፈረ፣ በጣም አፈረ። ከሐፍረቱ ሥር ግን ያቺ ትርፍ ማክሰኞ በዚህኛው ወር ብትገባልኝ ኖሮ የሚል ሐሳብ ብቅ አለና በራሱ ተናደደ።

ቆሞ መብላት ጀመረ። ጫማውን ሳያወልቅ ፊልም ይከፍታል፣ ፊልሙ ሳያልቅ ጫማውን ያስራል። ሙዚየም ሲዲውን ሲመልስላቸው እንዴት ነበር ይሉታል፤ ድሮ እንዲህ ሲሉት ግማሽ ቀን ያወራቸው የነበረው ሰው አሁን ቀጣዩን ከእጃቸው መንጭቆ ይወጣል። ሽማግሌው ቅር አላቸው። ከሁሉም የከፋው ግን ጥርጣሬው ነው። ቢሆንስ፣ ቀልዳ ቢሆንስ? የስፌት ቤት ልጅን ማን ፊልም ላይ ያወጣታል? እንዲህ ሲያስብ ይናደድባታል፣ መናደዱ ደግሞ ሆዱን ያባባዋል፣ ከዚያ ተነስቶ አንዱን ትርምስ እንደገና ይቆጥራል።

በሃያ ሰባተኛው ቀን ትልቅ ሠርግ ያለበት ፊልም መጣ። ሠርጉን ሦስት ጊዜ መልሶ አየው። እናቱ አልጋውን መታች። ውሃ አመጣ፤ ከንፈሯን ገጥማ እምቢ አለች። እንደገና መታች፣ እንደገና አቀረበላት፣ እንደገና እምቢ አለች። መልሳ ስትመታ ትዕግሥቱ ተበጠሰ።

"እማዬ፣ እውነት አለሽበት? ወይስ ዝም ብለሽ ቀልደሽብኝ ነው ወሩን ሙሉ የምለፋው?" አላት፤ ድምፁ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ነበር።

እናቱ እጇን ሰበሰበችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አራሚው ብርጭቆውን አስቀመጠ። አፉን ቢቆርጡለት በወደደ። አጠገቧ ቁጭ ብሎ ጀርባዋን እያሻሸ ይቅርታ ጠየቃት፤ እሷ ግን ፊልሙ አልቆ ስክሪኑ እስኪጠቁር አልዞረችም። በቀሩት ሦስት ቀናት አልጋውን አንድ ጊዜም አልመታችም። ሠላሳኛው ፊልም ውስጥ ያሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እሱንም እስከ መጨረሻው አየው። ሲዲውን ሊመልስ ሲሄድ ሙዚየም መደርደሪያቸውን በመዶሻ እየነቃቀሉ አገኛቸው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እህቱ መኪና ተከራይታ ደረሰች። ሾፌሩ ደግ ፊት ያለው ሰው ነው፤ ሆኖም መንገዱ ሳይጨልም ማገባደድ ስለፈለገ ከስምንት ሰዓት ወዲያ አልጠብቅም ብሏል። እህትየው እናቷን አገላብጣ ሳመች፣ ልብሶቿን ማጣጠፍ ጀመረች፣ ቀጥላም ከመስኮቱ ሥር የስፌት ዕቃ ያለበትን ቆርቆሮ አንስታ ከፈተች። እናቲቱ ቆርቆሮውን ስታይ ዓይኗ በራ፤ እጇን አነሳችና አልጋውን ሁለት ጊዜ መታች። አራሚው ባዶ ብርጭቆዋን አንስቶ ከወንበሩ ብድግ አለ።

"ወዴት ነው?" አለችው እህቱ።

"ውሃ ላመጣላት። ሁለት ጊዜ ስትመታ ውሃ ማለቷ ነው።"

"ማነው እንደዚያ ያለህ?"

"እኔው ደረስኩበት፣ እታለም።"

እህቱ በእጇ የያዘችውን ሹራብ አስቀመጠች። "አይ አንተ ልጅ" አለች። "ውሃ አይደለም። ሥራ ልጀምር ነው ማለቷ ነው።"

ከቆርቆሮው ውስጥ መርፌ እንዳይወጋ ጣት ላይ የምትጠለቀውን ትንሽ የብረት ቆብ አውጥታ አሳየችው። ሰው ሁሉ መሃል ጣቱ ላይ ነው የሚያጠልቃት፤ የእናታቸው መሃል ጣት ግን የተንጋደደች ስለሆነች ቀለበት ጣቷ ላይ ታደርጋለች፣ እዚያ ደግሞ ትላላባታለች። ስለዚህ ሥራ ስትጀምር ቆቧ ቁልቁል ገብታ እንድትጠብቅ ጠረጴዛውን ኳ ኳ ታደርጋለች። አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው ያደረገችው። እህትየው ልጅ ሆና ያንን ድምፅ ስትሰማ ክር ይዛ ትሮጥ እንደነበር ነገረችው።

"አንተ ጀርባህን ሰጥተህ፣ ቴሌቪዥንህን አስጩኸህ ስለምትቀመጥ ነው ያልሰማኸው" አለችው፤ ለወቀሳ ብላ አልነበረም፣ እንዲያው እውነቱን ነው የነገረችው።

አራሚው ባዶ ብርጭቆውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ኳ ኳ። ይህን ከአንድ ቦታ ሰምቶታል። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠና ሰማያዊውን ደብተር ገልጦ አራተኛው ቀን ጋ ደረሰ። የራሱ ጽሕፈት ነው፣ ጥንቅቅ ያለ፦ "ቁጥር 4። በሩ ሁለት ጊዜ ይንኳኳል፣ የሚገባ ግን የለም። የድምፅ ስህተት። ቀጥሎ ያለው የእጅ ሥራ ረዝሟል፤ ቢወጣ የሚጎድል ነገር የለም።"

ደብተሩን ለእህቱ አቀበላት። አንብባ አፏን በእጇ ያዘች።

"ሾፌሩን ያዢልኝ" ብሏት ወጣ።

ሱቁ ባዶ ነበር። ሙዚየም ደጃፉ ላይ፣ ከቀረች አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጠው መንገደኛውን ያያሉ። ሲዲዎቹስ ቢላቸው በማለዳው ጆንያ ሙሉ ለአትክልተኛዋ ሰጠኋቸው አሉት፤ ከድልድዩ በታች ወንዙ ዳር የምትተክለው ሴት፣ ወፍ ታባርርባቸዋለች። አራሚው ፀጉሩን ሊነጭ ምንም አልቀረው። ሽማግሌው ፊቱን አይተው ደነገጡና ምን ጠፋህ ልጄ አሉት። እናቴ አለ፤ ሌላ ሳይጨምር ቁልቁል ወደ ድልድዩ ሮጠ።

ከሩቅ የታየው ብልጭታው ነው። አትክልተኛዋ በሰላጣው መደብ ላይ እንጨት ተክላ፣ ከእንጨት እንጨት ሲባጎ ወጥራ፣ ሲዲዎቹን በመሃል ቀዳዳቸው እያሰረች አንጠልጥላቸዋለች። ሙዚየም ስንት ዓመት የሰበሰቡት ሁሉ እዚያ ነው፤ ሦስት መቶም አራት መቶም ይሆናል፣ ሁሉም በነፋሱ ይሽከረከራል። አራሚው እያለከለከ ጉዳዩን አስረዳት። ሴትየዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማችውና ፈልግ፣ ግን ሰላጣዬን እንዳትረግጥ አለችው።

በጫማው ጫፍ እየተራመደ በመደቦቹ መሃል ገባ። ሲዲው ሲዞር አንዴ የገዛ ፊቱን ያሳየዋል፣ አንዴ ቀይ ቁጥር፤ ቁጥሩን ሊያነብ ሲል ደግሞ መልሶ የገዛ ፊቱን። አንዱን ሊይዝ ሲሮጥ ሌላው ያመልጠዋል። አንድ ችግኝ ረገጠና ሴትየዋ ከወዲያ ጮኸችበት። ያን ጊዜ ምርጫ አጥቶ ቆመ። ነፋሱ እስኪያርፍ መጠበቅ ነበረበት። እጁን ሰብስቦ፣ እግሩን ገጥሞ፣ ሰላጣ መሃል ቀጥ ብሎ ቆመ። በወሩ ውስጥ ቆሞ ሲረጋ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ነፋሱ በረድ ሲል ሲዲዎቹ አንድ በአንድ መዞራቸውን ተዉ፤ እሱም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ረድፍ በረድፍ፣ ሃያ ስድስት ዓመት እንዳነበበው አድርጎ አነበባቸው። አራት ቁጥር ከጥግ፣ ከቲማቲሙ በላይ ተንጠልጥሏል።

ሴትየዋ ሲባጎውን ፈታችለት፤ ግን በዚያች ክፍተት ወፍ ይገባብኛል፣ በምትኩ የሚያብረቀርቅ ነገር ስጠኝ አለችው። ኪሱን ቢፈትሽ ያገኘው አንድ ነገር ነው፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ በፕላስቲክ የተለበደ የማተሚያ ቤቱ መታወቂያ። ከነፎቶው ቲማቲሙ ላይ ሰቅላው ቀረች።

ቤት ሲደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል፤ ሾፌሩ ጥሩምባውን አንዴ ነካ አደረገ። አራሚው ሲዲውን በሸሚዙ ጠርዝ ጠርጎ ዴኩ ውስጥ ከተተው። መጀመሪያ አልነበብ አለ። አውጥቶ ተነፈሰበት፣ መልሶ ከተተው። ምስሉ የፊልሙ ሐኪም ፊት ላይ ተንቀጥቅጦ ቆመ፣ ከዚያ ለቀቀው።

የሐኪሙ ሚስት መብራት አጠገብ ተቀምጣ በር በሩን ታያለች። ኳ ኳ።

እጆቹ መጡ። ለስላሳ፣ የወጣት ሴት እጆች ናቸው። የቀኝ እጇ መሃል ጣት ወደ ጎን ዘመም ብላለች፣ ቆቧም ቀለበት ጣት ላይ ናት። መርፌው ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ፤ ከደብዳቤው ዙሪያ ስፌቱ አንዱ ከአንዱ ሳይበላለጥ ሄደ። አንድ ጊዜ እጁ ወደ ላይ ተነስቶ ከስክሪኑ ወጣና ተመለሰ። ፀጉሯ ላይ አሽታው ነው፣ መርፌው እንዲንሸራተት፣ አለች እህቱ በሹክሹክታ። መጨረሻ ላይ ኮቱ ከፍ አለና ክሩ ሲበጠስ ተሰማ፤ በምን እንደተበጠሰ ባይታይም ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ያውቃሉ። ከሃምሳ ሴኮንድ አይበልጥም። ረዝሟል ብሎ የጻፈበት ይህ ነው።

ወደ እናቱ ዞረ። ፊልሙን እያየች አልነበረም። እሱን ነበር የምታየው፤ ሠላሳ ዓመት ከዚያም በላይ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ስትጠብቅ ኖራ አሁን እንዳያመልጣት የምታይ ነበር የምትመስለው።

"እማዬ፣ አየሁሽ" አላት።

ሌላ ሊላት ያሰበው ብዙ ነበር፤ ሁሉም ጠፋበት። ግንባሩን ብርድ ልብሷ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። እናቱ በደህናው እጇ ያንን የማይታዘዘውን ቀኝ እጇን አነሳችና ራሱ ላይ አስቀመጠችለት። ውጭ ጥሩምባው እንደገና ተነፋ። እህቱ ዓይኗን እየጠረገች ወጥታ ከቸኮልክ ብቻህን ሂድ ብላው ተመለሰች፣ እነሱም እጆቹን አራት ጊዜ ደጋግመው አዩዋቸው።

ዴኩን ነቅሎ፣ ሲዲው ውስጡ እንዳለ፣ በእናቱ ሹራብ ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ ራሱ ጫነው። የዚያን ቀን ማታ ምን እንደሚያይ አላሰበም። እናቱን ከሾፌሩ ጋር ተሸክመው ከኋላ ወንበር አስቀመጧት፣ ቀበቶዋን አሰሩላት፣ መስኮቱን ዘጉላት። ሞተሩ ተነሳ። ያን ጊዜ በደህናው እጇ የመኪናውን መስታወት ሁለት ጊዜ መታች። ሾፌሩ ሰምቶ ወደ ኋላ ዞረና የውሃ ጠርሙሱን አነሳላት።

"ተወው ወንድሜ፣ ውሃ አይደለም" አለው አራሚው በፊተኛው መስኮት አጎንብሶ። "ሥራ ልትጀምር ነው።"